የሕክምና መመሪያ ሲጻፍ መድኃኒት ቀማሚው የት ይቀመጣል?

ከሁሉ አስቀድሞ የሕክምና መመሪያ ምን እንደ ሆነ መግለጽ ያስፈልጋል፤ ይህን መጽሔት የሚያነበው የሕክምና ተማሪ ብቻ ሳይሆን የሕጉም የእርሻውም የኤኮኖሚውም ተማሪ ነውና። የሕክምና መመሪያ ማለት አንድ በሽታ በምን ምልክት እንደሚታወቅ፥ በየትኛው መድኃኒት፥ በምን ያህል መጠንና ለስንት ቀን መታከም እንዳለበት፥ የመጀመሪያው መድኃኒት ካልሠራም ሁለተኛው ምን እንደ ሆነ፥ ከጥናቶች የተገኘውን ማስረጃ መዝኖ የሚወስን የሥራ መጽሐፍ ነው። ሌሊት ተረኛ የሆነ ወጣት ሐኪም፥ የሚጠይቀው ታላቅ ሐኪም በአጠገቡ በሌለበት ሰዓት፥ የሚገልጠው ይህንኑ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ አንድ መስመር ቢጎድል ጉድለቱ የሚታየው በወረቀቱ ላይ ሳይሆን አልጋ ላይ በተኛው በሽተኛ ላይ ነው።

ታዲያ ይህን መጽሐፍ ማን ይጽፈዋል? «ሐኪሙ ነዋ!» ብሎ መመለስ ቀላል ነው። በእኛ አስተያየት ግን ይህ መልስ ግማሽ መልስ ነው። በሽታውን መርምሮ የሚለየው ሐኪሙ መሆኑን ማንም አይክድም። ዳሩ ግን «ይህ መድኃኒት ይሰጥ» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ መድኃኒቱ በበሽተኛው ሰውነት ውስጥ ገብቶ እስኪሠራ ድረስ ረጅም መንገድ አለ። በመጋዘን መገኘት አለበት፤ መርፌ ከሆነ በምን ፈሳሽ እንደሚበጠበጥ መታወቅ አለበት፤ በሽተኛው ከሚወስደው ከሌላው መድኃኒት ጋር መስማማት አለበት፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መጠኑ መስተካከል አለበት፤ በመጨረሻም በሽተኛው ከኪሱ ገዝቶ፥ ሰዓቱን ጠብቆ፥ ከምግብ ጋር ወይም ያለ ምግብ መዋጥ አለበት። ይህን መንገድ ከዳር እስከ ዳር በትምህርትም በሥራም የሚያውቀው መድኃኒት ቀማሚው ነው። (ዛሬ ፋርማሲስት ይባላል። «ቀማሚ» የሚለው ስም ያረጀ ይመስላል፤ አሁን መቀመሙ ጥቂት፥ ማስረዳቱና መቈጣጠሩ ብዙ ነውና። የሆነ ሆኖ ስሙ ስለሚያምር አልተውነውም።) እንግዲህ የምንለው ይህን ነው፤ መመሪያ ሲጻፍ ቀማሚው ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ፥ ድምፅ የሚሰጥ አባል ሆኖ፥ ከጸሐፊዎቹ ጋር ይቀመጥ። ረቂቁ ካለቀ በኋላ «የመድኃኒቶቹን ስም አጻጻፍ ተመልከትልን» ተብሎ ቢላክለት ጊዜው አልፏል።

ነገሩን በቅርባችን ባለ በሽታ እንመልከተው። ሀዋሳ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፥ በሐይቅ ዳር የተቈረቈረች ከተማ ስለ ሆነች ወባ ለነዋሪዋ እንግዳ አይደለችም። በአገር ደረጃም በ2024 እ.ኤ.አ. ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ጥቅምት ወር አጋማሽ ድረስ ባለው ጊዜ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ በሽተኞች መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ፋልሲፓረም በተባለው የወባ ዓይነት ላይ የክሎሮኪን ኀይል ከደከመ በኋላ አገራችን በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ፋንሲዳር፥ እርሱም ሲደክም በ2004 አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን ወደ ተጣመሩበት፥ ሕዝቡ ኮአርተም ወደሚለው ኪኒን ተዛወረች። አወሳሰዱ የታወቀ ነው፤ ለአዋቂ ሰው አራት አራት ኪኒን፥ በቀን ሁለት ጊዜ፥ ለሦስት ቀን፥ በድምሩ 24 ኪኒን ነው። ከእነዚህም ሁለተኛው መጠን የሚወሰደው ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት በኋላ ነው።

ይህን ሐኪሙ በሚገባ ያውቀዋል። ነገር ግን ሉሜፋንትሪን ስብ ካላገኘ ከአንጀት ወደ ደም በበቂ ሁኔታ አይገባም። በጤነኞች ላይ በተደረገ ሙከራ፥ ስብ ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን በባዶ ሆድ ከሚወሰደው እስከ 16 እጥፍ እንደሚደርስ የመድኃኒቱ መግለጫ ወረቀት ይናገራል። እንግዲህ መመሪያው «ከወተት ወይም ስብ ካለበት ምግብ ጋር ይወሰድ» ቢል ትክክል ነው። አሁን ግን ወሩ መጋቢት ነው፥ ሁዳዴ ነው እንበል። በሽተኛዋ ወተትም ቅቤም አትቀምስም፤ «ከወተት ጋር» ስትባል አንገቷን ነቅንቃ ትሄድና ኪኒኑን በውሃ ትውጠዋለች። ትኵሳቱ ለጊዜው ይበርድላትና ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ይመለስባታል፤ ያን ጊዜም «መድኃኒቱ ለምዶባታል» ይባላል። ሮመዳን የሚጾመውስ? ሃይማኖቱ ለበሽተኛ የሚፈቅደውን ፈቃድ ሳይጠቀም ቀርቶ ጾሙን ቢቀጥል፥ የስምንት ሰዓቱ ልዩነት በየትኛው ሰዓት ላይ ይውላል?

ይህን ጥያቄ በየቀኑ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት የሚሰማው ቀማሚው ነው። በጸሐፊዎቹ መካከል ቢቀመጥ ኖሮ በዚያው መስመር ላይ «በጾም ወራት በዘይት የተሠራ ሽሮ፥ ኦቾሎኒ ወይም አቮካዶ ይበቃል» የሚል ይጨምር ነበር፤ ብዙ ስብ አያስፈልግምና። አቮካዶ ደግሞ በሲዳማ ምድር እንደ ልብ ነው። ለዚህች አንዲት መስመር ሐኪሙ ሰንፏል አንልም፤ ሥራው በሌላው ወገን ስለ ሆነ አይሰማትም እንጂ።

ከዚሁ ከወባው ሳንወጣ የመጋዘኑን ነገር እናንሣ። በ2004 ብዙ አገሮች መመሪያቸውን በአንድ ጊዜ ወደ ኮአርተም ሲለውጡ፥ የመድኃኒቱ ጥሬ ዕቃ የሚገኘው አርቴሚስያ ከተባለው ተክል ስለ ነበረና ተክሉም ተዘርቶ እስኪታጨድ ድረስ ወራት ስለሚወስድ፥ በዚያው ዓመት መጨረሻ የመድኃኒቱ እጥረት መድረሱን የዓለም ጤና ድርጅት ለማስታወቅ ተገደደ። መመሪያው ከእርሻው ቀድሞ ሮጠ ማለት ነው። የእርሻ ኮሌጅ ወንድሞቻችን ይህን ታሪክ ቢመረምሩት ይጠቅማቸዋል። መመሪያ ሲለወጥ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ አዲሱ መድኃኒት መቼ ይደርሳል? በመደርደሪያ ላይ ያለው አሮጌው ምን ይሁን? በመካከሉ ያለው ክፍተትስ በምን ይሸፈን? እነዚህን ሳይመልሱ መጽሐፉን ማሳተም ለበሽተኛው ባዶ መደርደሪያ መስጠት ነው። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በዚሁ በሀዋሳ ቅርንጫፍ አለው፤ መጠየቅ የሚያሻ ሁሉ ከከተማው ሳይወጣ ሊጠይቅ ይችላል።

አሁን ወደ ሆስፒታሉ አልጋ እንግባ። እዚህ ላይ ጉዳዩ የጾምና የምግብ ብቻ አይደለም፤ ሕይወት በሰዓታት ውስጥ የሚጠፋበት ነው። ሴፍትሪአክሶን የተባለው መርፌ በአገራችን ሆስፒታሎች እጅግ ከሚታዘዙት አንዱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት እንደሚታዘዝም በልዩ ልዩ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ይህ መድኃኒት በደም ሥር ከሚሰጥ ካልሲየም ካለበት ፈሳሽ ጋር ሲገናኝ ይረጋል፤ የረጋውም በሳንባና በኩላሊት ተገኝቶ የተወለዱ ገና ጥቂት ቀን የሆናቸው ሕፃናት ሞተዋል። ስለዚህ ዕድሜው ከ28 ቀን ላልበለጠ፥ እንዲህ ያለ ፈሳሽ ለሚወስድ ሕፃን ክልክል ነው። ካልሲየም ካለባቸው ፈሳሾች አንዱ ደግሞ በየዋርዱ ተንጠልጥሎ የምናየው ሪንገር ላክቴት ነው። በመመሪያው የሕፃናት ምዕራፍ ላይ «ሴፍትሪአክሶን» ተብሎ ተጽፎ ስለ ፈሳሹ ምንም ካልተባለ፥ ሁለቱ በአንድ ክንድ ላይ የሚገናኙበት ቀን ይመጣል።

ፌኒቶይንም እንዲሁ ነው። የሚጥል በሽታ አልለቅ ላለው ሰው «በኪሎ 20 ሚሊግራም በደም ሥር» ይባላል፤ ልክ ነው። ነገር ግን በግሉኮስ ከተበጠበጠ መድኃኒቱ ይረጋል፤ በጨው ውሃ ብቻ መሆን አለበት፤ ለአዋቂም በደቂቃ ከ50 ሚሊግራም በላይ ከፈጠነ ልብን ሊያቆም ይችላል። የኛ አገር ነርስ ለዚህ ሁሉ በዋርዱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት በቀር ሌላ መጽሐፍ የላትም። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ስለ መበጥበጡ ካላሰበ፥ እርሷ ከየት ታምጣው?

ሌላው ምሳሌ ሁለት በሽታ ያለበት ሰው ነው። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ዶሉቴግራቪር ያለበትን ሦስት መድኃኒት የያዘ አንድ ኪኒን በቀን አንድ ጊዜ ይውጣል። ይኸው ሰው በሳንባ ነቀርሳ ቢታመምና ሪፋምፒሲን ቢጀምር፥ ሪፋምፒሲን ጉበትን አነሣሥቶ ዶሉቴግራቪርን ቶሎ እንዲያስወግደው ያደርጋል። ስለዚህ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ለብቻው የተሠራ የ50 ሚሊግራም የዶሉቴግራቪር ኪኒን ይጨመርለታል፤ ይህም ሪፋምፒሲን ከቆመ ሁለት ሳምንት እስኪያልፍ ድረስ ይቀጥላል። ይህ ሁሉ በመመሪያ ላይ ሰፍሯል፤ ጥሩ ነው። ሐኪሙ ጭማሪውን በትክክል ይጽፋል። ቀማሚው ደግሞ ለብቻው የተሠራው ኪኒን ታዟል ወይ? ስንት ይበቃል? ብሎ ይጠይቃል። ሦስቱን ያጣመረው ኪኒን መጋዘን ሞልቶ፥ ለብቻው የሆነው አንድ እንኳ ቢጠፋ፥ የተጻፈው መጠን ለበሽተኛው አይደርሰውም። ከዚህ በላይ ደግሞ በሽተኛው ለደም ማነሱ የብረት ኪኒን፥ ለጨጓራው ማስታገሻ በየሱቁ ገዝቶ ይውጥ ይሆናል፤ ሁለቱም ዶሉቴግራቪርን ይይዙታል፤ በመስኮቱ ካልተጠየቀ በቀር ለማንም አይናገርም።

አሁን ደግሞ በአገራችን እስከ ዛሬ የተሠራውን እንይ፤ ምንም አልተሠራም ማለት እውነት አይሆንምና። በኢትዮጵያ የፋርማሲ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የተጀመረው በ1961 በአዲስ አበባ ነው። ለረጅም ጊዜ ትምህርቱ ይበልጡን ስለ መድኃኒቱ ራሱ ነበር፤ ከ2008 ወዲህ ግን አምስት ዓመት ሆኖ ተማሪው ዋርድ ገብቶ በበሽተኛው አልጋ አጠገብ እንዲማር ተደረገ። ከዚያ በኋላ የወጡት ቀማሚዎች ከቀድሞዎቹ የተለየ ዝግጅት አላቸው።

የአገሪቱን የሕክምና መመሪያ በተመለከተ ደግሞ የሚያስገርም ነገር አለ። በ2004 ለጤና ጣቢያና ለሆስፒታል በየደረጃው መመሪያውን ያወጣው የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን የተባለው መሥሪያ ቤት ነበር፤ ሁለተኛውን እትም በ2010፥ ሦስተኛውንም በ2014 እርሱና እርሱን የተካው ባለሥልጣን አወጡ፤ አራተኛው እትም በጤና ሚኒስቴር ወጣ። እንግዲህ መጽሐፉ በመጀመሪያዎቹ እትሞች የተዘጋጀው የዕለት ተዕለት ሥራው መድኃኒት በሆነ ቤት ውስጥ ነው። በአገር ደረጃ ቀማሚው ፈጽሞ ተረስቷል ብሎ መጮኽ ስለዚህ አይገባም።

እኛን የሚያሳስበን ከዚያ በታች ያለው ነው። የአገሩ መመሪያ ወደ ሆስፒታል ሲደርስ እንደ ገና ይጻፋል፤ ለድንገተኛ ክፍል አንድ ገጽ፥ ለማዋለጃ አንድ ገጽ፥ ለሕፃናት ማቆያ አንድ ገጽ ተዘጋጅቶ በግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ብዙውን ጊዜ ይህን የሚያዘጋጀው የክፍሉ ሐኪም ብቻውን ነው። ጥፋት የሚገባውም በዚህች በምትለጠፈው ገጽ ላይ ነው፤ ሲያሳጥሩት የሚቀረው የመበጥበጫው፥ የኩላሊቱና የምግቡ ነገር ነውና።

በየሆስፒታሉ የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ እንዲኖር ተደንግጓል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 ባወጣው የሥራ መጽሐፍም የኮሚቴው ሊቀ መንበር የተከበረ ሐኪም፥ ጸሐፊው ደግሞ ቀማሚው ቢሆን መልካም እንደ ሆነ ተመልክቷል። ጸሐፊ መሆን ክብር ነው፤ አጀንዳውን የሚያዘጋጅ ብዙ ማድረግ ይችላል። ዳሩ ግን ጸሐፊነት ሌሎች የተናገሩትን መጻፍ ብቻ ከሆነ፥ ቀማሚው በስብሰባው ውስጥ እጅ እንጂ አፍ የለውም። እኛ የምንፈልገው አፉን ጭምር ነው። በ2018 ስለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ቁጥብ አጠቃቀም ለኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የወጣው የሥራ መመሪያ ክሊኒካል ፋርማሲስቱን የቡድኑ ዋና አባል አድርጎ ስላስቀመጠ፥ መንገዱ ተከፍቷል ማለት ይቻላል።

የውጭውን ዓለም ልምድ በአጭሩ እንጥቀስ። እንግሊዞች ከ1949 ጀምሮ የሚያሳትሙት ብሔራዊ የመድኃኒት መዝገብ የሐኪሞች ማኅበርና የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር የጋራ መጽሐፍ ነው፤ የሁለቱም ስም በሽፋኑ ላይ አለ። በ2010 የወጣውና መመሪያዎች የሚመዘኑበት አግሪ ሁለት የተባለው መመዘኛ 23 ነጥቦች ሲኖሩት፥ አራተኛው ነጥብ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሙያዎች ሁሉ በአዘጋጆቹ መካከል መኖራቸውን ይጠይቃል። ይህም ለቀማሚው ብቻ አይደለም፤ ለነርሷም ለላቦራቶሪውም ነው። በሀዋሳ የትኛው ተሕዋስ ለየትኛው መድኃኒት እንደማይበገር የሚያውቀው ላቦራቶሪው ስለ ሆነ፥ እርሱ በሌለበት የፀረ ባክቴሪያ ምዕራፍ መጻፍ በግምት መሄድ ነው።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የቫንኮማይሲን ታሪክ ነው። በ2009 በአሜሪካ የሆስፒታል ቀማሚዎች ማኅበርና የተላላፊ በሽታዎች ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆነው የዚህን መድኃኒት አወሳሰድ መመሪያ አወጡ፤ የጽሑፉም መሪ ማይክል ራይባክ የተባለ ቀማሚ ነበር። ለከባድ ሕመም፥ ቀጣዩ መጠን ከመሰጠቱ በፊት በደም ውስጥ የሚገኘው ልክ ከ15 እስከ 20 እንዲሆን መከሩ። ዓመታት ሲያልፉ ግን ይህ ልክ ኩላሊትን እንደሚጎዳ ታወቀ። በ2020 እነዚሁ ማኅበሮች፥ በዚሁ ቀማሚ መሪነት፥ የቀድሞውን ልክ ሽረው መድኃኒቱ በ24 ሰዓት ውስጥ በደም የሚቈይበትን ጠቅላላ መጠን መከተል እንደሚሻል ጻፉ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ቀማሚ የመመሪያ መሪ መሆን እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፥ ቀማሚ ስለ ተቀመጠ ብቻ መመሪያ ከስሕተት እንደማይድን ነው፤ የጻፈውን መልሶ የሚመረምርና የሚሽር ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሁለተኛውን የፋርማሲ ተማሪዎች በተለይ እንድናስበው ያሻል።

ተቃዋሚዎች ምን ይላሉ? «በሽተኛው ቢሞት የሚጠየቀው ሐኪሙ ነው፤ ስለዚህ ውሳኔው የርሱ ይሁን» ይላሉ። ኀላፊነቱ እውነት ነው። ነገር ግን መመሪያ የአንድ በሽተኛ ውሳኔ አይደለም፤ ሐኪሙ በአልጋው አጠገብ የሚወስነውን ቀማሚው አይነጥቀውም። ደግሞም በስሕተት የተበጠበጠ መድኃኒት ሲሰጥ የሚጠየቁት ብዙዎች ናቸው።

«ቀማሚዎች ጥናት መመዘን አያውቁም» የሚለው ግን ቀላል ተቃውሞ አይደለም። አንድ ሙከራ በምን እንደ ተዛባ፥ የበሽተኞቹ ቍጥር ማነሱ ውጤቱን ምን ያህል እንደሚያናጋ ለይቶ መናገር የማይችል ሰው፥ በጸሐፊዎች መካከል ቢቀመጥ ወንበር ከማሞቅ አያልፍም። መድኃኒት ሻጩ ወኪል ያመጣውን ባለ ቀለም ወረቀት እንደ ማስረጃ የሚያቀርብማ ጭራሽ ባይመጣ ይሻላል። ስለዚህ የሕክምናና የፋርማሲ ተማሪዎች በአንድ ግቢ እየተማርን በአንድ ጠረጴዛ አለመቀመጣችን ያስቈጨናል። የማኅበራችን የትምህርት ክፍል በየወሩ አንድ ከግድግዳ የተወሰደ ገጽ መርጦ፥ ሁለት ከሕክምና፥ ሁለት ከፋርማሲ፥ አንድ ከነርስ፥ አንድ ከላቦራቶሪ ተማሪ አድርጎ ቢያስመረምረው፥ ወጪው የወረቀትና የሻይ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ገጽ የሕፃናት ማቆያው ቢሆን እንመርጣለን፤ ምክንያቱን ከላይ ተናግረናል።

የመጨረሻው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። አንዳንድ ቀማሚ ከሆስፒታሉ ሥራ ሌላ በከተማው ውስጥ የግል መድኃኒት ቤት አለው ወይም በሌላ ሰው መድኃኒት ቤት ስሙን አስመዝግቦ ይሠራል፤ እንዲህ ያለው ሰው የሚሸጠውን መድኃኒት በመመሪያ ውስጥ ቢያስገባስ? ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ የግል ክሊኒክ ያለውም ሐኪም ከዚህ አያመልጥም። መድኃኒቱ የተዘረዘረበት ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ አባል ሱቅ፥ ክሊኒክ ወይም ከኩባንያ የተቀበለው ጥቅም እንዳለው በወረቀት ጽፎ ይፈርም፤ ወረቀቱም ከመመሪያው ጋር አብሮ ይታተም። ጉዳዩ እርሱን በሚነካበት መስመር ላይ ሲደረስ የሚያውቀውን ከተናገረ በኋላ ከክፍሉ ይውጣና ድምፁ ያለ እርሱ ይቈጠር።